አለቃ የለህም ያለኝ አለቃ

ይህ ጽሑፍ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አዳራሽ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያደረግሁት ንግግር ነው። ወጣቶቹ በስልክ ቀርፀውት ነበር። እኔ ደግሞ «እ…» እና «ማለቴ» የሚሉትን አውጥቼ፣ በመጨረሻ የሆነውን ጨምሬ ጻፍኩት።

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ። የፊት ወንበር የሚያስፈራው ተማሪ እያለን ነበር። አሁን ጥያቄ የሚጠይቃችሁ የለም።

ልጆቹ ፖስተሩ ላይ «ካፒታሊዝም፣ ሥልጣንና ዲሞክራሲ በሶሲዮሎጂ ዓይን» ብለው ለጥፈውልኛል። ሳየው እኔም ደነገጥኩ። እንዲህ ያለ ርዕስ ይዞ የተነሳ ሰው እስከ ማታ አይቀመጥም። ስለዚህ አጠበዋለሁ። የማወራው ስለ አንድ ስልክ፣ ስለ አንድ ሕግና ስለ አንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። «ካፒታሊዝም» የሚለው ቃል በአማርኛ ሲወቀስ ስንሰማ፣ ብዙዎቻችን ጆሮ ውስጥ የደርግ ማርሽ ይመታል። እናቴ በሕይወት ብትኖር «ደሞ ይሄ ልጅ ቀበሌ ሊያቋቁምብን ነው?» ትል ነበር። አይደለም። ወደ ደርግ በኋላ እመለሳለሁ።

እኔ አዲስ አበባ ሶሲዮሎጂ ተምሬ፣ እዚህ መጥቼ ሹፌር የሆንኩ ሰው ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እዚህ ካላችሁት ውስጥ ስንቶቻችሁ እንደኔ ናችሁ? እጃችሁን አውጡ እስቲ። … ይኸው። ግማሽ አዳራሽ። ኢንጂነር አለ፣ መምህር አለ፣ እንደኔ ፈላስፋ ነኝ ባይም አለ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ኤርፖርት የሚሄድ ሰው ለማግኘት ደህና ሰዓት ነው። ከተሳፋሪ የሚያገናኘኝን የስልክ አፕ ከፈትኩ። አካውንትህ ታግዷል ይላል። በቃ። ለምን? «መመሪያ ተጥሷል»። የትኛው መመሪያ? ዝም። ማን ከሰሰኝ? ዝም። መልእክት ጻፍኩ። በሰከንድ ውስጥ መልስ መጣ። ጉዳይህን እያየነው ነው፣ ስለ ትዕግስትህ እናመሰግናለን። በሰከንድ ውስጥ የሚመልስ ሰው የለም፤ መልሱ ከማሽን ነው። ዘጠኝ ቀን ቤት ተቀመጥኩ። የመኪናው ክፍያ ግን አልተቀመጠም። በአሥረኛው ቀን አፑ ተከፈተ። ለምን እንደተዘጋ ሳላውቅ፣ ለምን እንደተከፈተም ሳላውቅ ወደ ሥራ ገባሁ። ኩባንያውን በስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ኩባንያ ጉዳይ አይደለም።

አባቶቻችን «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይሉ ነበር። እኔ በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት የገባኝ፣ ንጉሥ እንኳ ከዚህ ይሻል እንደነበር ነው። ለንጉሥ «አቤት!» ይባላል። በመንገድ ሲያልፍ ጠብቀህ «ጃንሆይ!» ብለህ ትጮሃለህ። ይሰማህም አይስማህም ሰው ነው፤ ጆሮ አለው። አፑ ፊት አቤት ብትል ማን ይሰማሃል?

የሚገርመው ግን ይህ አይደለም። የሚገርመው፣ ያ ያገደኝ ድርጅት መጀመሪያ ሲመዘግበኝ የነገረኝ ቃል ነው። «አለቃ የለህም። የራስህ አለቃ አንተው ነህ።» ወረቀቱም እንደዚያ ይላል። ተቀጣሪ አይደለሁም። ደብልዩ-ቱ የሚባለው የተቀጣሪ የግብር ወረቀት የለኝም፤ የዓመቱ ወረቀቴ ተቀጣሪ ላልሆነ ሰው የሚሰጠው 1099 ነው። ኢንዲፔንደንት ኮንትራክተር፣ ማለትም እኔና ኩባንያው እንደ ሁለት ነጋዴዎች እኩል ተቀምጠን ተዋውለናል ማለት ነው። ታዲያ ከሁለት ነጋዴ አንዱ ሌላውን ዘጠኝ ቀን ያግዳል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ስለ አማርኛችን ልበል። «ጉልበት» የሚለው ቃላችን ድንቅ ነው። «ጉልበቱን ሸጦ ያድራል» ስንል ሥራ ማለታችን ነው። «በጉልበት ወሰደው» ስንል ግን ማስገደድ ማለታችን ነው። አንዱ ቃል ሁለቱንም ይዟል፤ የሠራተኛውን ክንድና የገዢውን ክንድ። ፈረንጆቹ ሶሲዮሎጂስቶች መቶ ዓመት የተጨቃጨቁበት ጉዳይ፣ አንዱ ጉልበት ወደ ሌላው እንዴት ይለወጣል የሚለው ነው።

ካርል ማርክስ መልሱን በፌዝ ነበር የሰጠው። የዘመኑ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ «ነፃ» ነው አለ። አንደኛ፣ ባሪያ አይደለምና ጉልበቱን ለፈለገው መሸጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከጉልበቱ ሌላ የሚሸጠው ምንም ነገር የለውምና ከንብረት «ነፃ» ነው። ስለዚህ ሳይሸጥ አያድርም።

እንግዲህ አንዳችሁ «እኔ እኮ መኪና አለኝ» ልትሉኝ ትችላላችሁ። እውነት ነው። የማርክስ ሠራተኛ ማሽኑ የባለፋብሪካው ነበር፤ የእናንተ ቶዮታ ግን የእናንተ ነው። እሺ፣ የባንኩ ነው እንበል። ቤንዚኑ ከእናንተ፣ ጎማው ከእናንተ፣ ኢንሹራንሱ ከእናንተ፣ ወገባችሁም ከእናንተ። ኩባንያው ያለው አንድ ነገር ነው። ተሳፋሪው የት እንዳለ ያውቃል። ያንን ካላገኛችሁ መኪናችሁ በር ላይ የቆመ ብረት ነው።

ይህ ነገር ለኛ አዲስ አይደለም። ጭሰኛ በሬው የራሱ ሊሆን ይችል ነበር፤ ሞፈርና ቀንበሩም የራሱ፤ ጉልበቱማ የራሱ ነው። መሬቱ ግን የባላባቱ ነው። ስለዚህ ሲሶ ይሰጣል፣ አንዳንዴም እኩል ያርሳል። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ያኔ የጮኸ ጋሼ እዚህ ካለ ልጠይቀው የምፈልገው አለኝ። መሬቱ ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት ደመና ውስጥ ሲገባ መፈክሩ ምን ይሆናል?

(እዚህ ላይ ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ጋሼ «ሰማዩ ለሹፌሩ!» አሉ። ለአምስት ደቂቃ ያህል ንግግሩ ቆመ።)

ወደ ነገሬ። ማክስ ቬበር የተባለው ጀርመናዊ፣ ጉልበትና ሥልጣንን ለይቶ አስቀምጧል። ጉልበት፣ ሌላው ቢቃወምም ፈቃድህን መፈጸም መቻል ነው። ሥልጣን ግን ሌላው «ልታዘዝ ይገባኛል» ብሎ አምኖ ሲታዘዝልህ ነው። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ዘበኛ አይፈልግም። በ1974 ደግሞ ስቲቨን ሉክስ የሚባል እንግሊዛዊ አንድ እርምጃ ጨመረበት። ከሁሉ የሚበልጠው ሥልጣን፣ ሰውየው መጀመሪያውኑ ሌላ ነገር እንዳይመኝ ማድረግ ነው አለ።

ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ስማረው አላመንኩትም። «ሰው እንዴት የማይጠቅመውን ይመኛል?» ብዬ ነበር። ካደግኩ በኋላ ግን «በሬ ሆዬ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለው ትዝ አለኝ።

ነገሩን ከሁሉ በደንብ ያሳየኝ ማይክል ቡራዎይ የሚባል ሶሲዮሎጂስት ነው። ቡራዎይ በ1974 ቺካጎ አጠገብ አንድ ፋብሪካ ገብቶ በማሽን ሠራተኛነት አሥር ወር ሠራ። ፕሮፌሰር ከመሆኑ በፊት ማለት ነው። እጁን ዘይት ነክቶታል። የጠየቀው ጥያቄ የተገለበጠ ነው። ሌሎቹ «ሠራተኛ ለምን ይለግማል?» ብለው ሲጠይቁ፣ እሱ «ሠራተኛ ለምን ይህን ያህል ይለፋል?» አለ። አለቃ ሳይቆምበት፣ ጅራፍ ሳይኖር።

መልሱ ጨዋታ ነው። ፋብሪካው በሥራ ብዛት ይከፍል ነበር። ሠራተኞቹ ኮታውን አልፈው ትርፍ ማግኘትን እንደ ጨዋታ ያዙት። «ዛሬ አለፍክ?» «ለጥቂት!» ቀኑ በዚያ ያልቃል። ቡራዎይ ራሱ ሳይታወቀው ገባበት። እና ያየው ይህ ነው። ካርታ የሚጫወት ሰው እየተጫወተ ሕጉን አይጠይቅም። ለማሸነፍ ከተቀመጥክ፣ ሕጉን ተቀብለሃል ማለት ነው።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። «በዚህ ሳምንት 60 ጉዞ ከሞላህ ይህን ያህል ቦነስ።» 57 ላይ ስትደርስ እሑድ ማታ ነው። ሦስት ቀረችህ። እንቅልፍ ይዞሃል። ትሄዳለህ አትሄድም? አንድ ጓደኛዬ 59ኛውን ጨርሶ፣ ለ60ኛው ሁለት ሰዓት ቆመ። ሚስቱ ደውላ «እባክህ ግባ» ስትለው «አንዲት ብቻ ናት የቀረችኝ» አላት። አለቃ አላዘዘውም። ማንም አላስገደደውም። እሱ ነው የፈለገው። ካርታው ላይ ደግሞ ቀይ ቦታ ይበራል፤ እዚያ ዋጋ ጨምሯል ይልሃል። ትሮጣለህ። ስትደርስ ይጠፋል። ላም አለኝ በሰማይ!

እስካሁን የነገርኳችሁ ስለ ካፒታሊዝም ነው። ዲሞክራሲውስ? «ሕዝብ ድምፅ አለው፣ ሕግ ያወጣል፣ ያስተካክለዋል» የሚለው አለ። ልክ ነው። ተሞክሯል። ካሊፎርኒያ እንሂድ።

በ2018 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ፍርድ ሰጠ። አንድን ሰው ኮንትራክተር ለማለት ኩባንያው ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት አለ። ሰውየው በሥራው ላይ የማይታዘዝ ነው፣ ሥራው ከኩባንያው ዋና ሥራ ውጭ ነው፣ ሰውየው በዚያ ሙያ ራሱን ችሎ የሚነግድ ነው። በ2019 ምክር ቤቱ ይህንን ሕግ አደረገው፤ ገዢው ጋቪን ኒውሰም ፈረሙ። እስቲ በሁለተኛው ፈትኑት። ሹፌርና ተሳፋሪን በአፕ የሚያገናኘውን ኡበርን ውሰዱ፤ ሰው ማጓጓዝ ከዋና ሥራው ውጭ ነው? ኡበር «እኛ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ነን» ይል ነበር። እንጀራ ቤት «እኔ የምጣድ ኩባንያ ነኝ» እንደማለት ነው።

ሕጉ በጃንዋሪ 2020 ሥራ ላይ ዋለ። በኦገስት አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ዳኛ፣ ኡበርና ተፎካካሪው ሊፍት ሹፌሮቻቸውን ተቀጣሪ አድርገው እንዲይዙ አዘዙ። ኩባንያዎቹ ምን አሉ? «እንግዲያው ካሊፎርኒያ ውስጥ ሥራ እናቆማለን።» ቀን ቆረጡ። ሊቆም ሰዓታት ሲቀሩት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ትእዛዙን ለጊዜው አገደው።

እዚህች ጋ ትንሽ እንቁም። ሠራተኛ ሥራ ሲያቆም አድማ ይባላል፤ ፈቃድ፣ ማስጠንቀቂያ፣ አንዳንዴም ፖሊስ አለበት። ካፒታል ሥራ ሲያቆም ግን ስም እንኳ የለውም። «የንግድ ውሳኔ» ነው። ሶሲዮሎጂስቶች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲናገሩት የኖሩት ነገር ነው። ባለሀብት መንግሥትን ለማዘዝ በየቀኑ ቤተ መንግሥት ደጅ መጥናት የለበትም፤ «እሄዳለሁ» ማለቱ ይበቃዋል። መንግሥት ግብር የሚሰበስበው፣ ሥራ አጥ የሚቀንሰው በሱ ነውና።

በነገራችን ላይ፣ ደጅ መጥናቱም አልቀረም። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ሲ. ራይት ሚልስ በ1956 የኩባንያው፣ የጦሩና የፖለቲካው ቁንጮዎች አንድ ሳሎን የሚገቡ፣ ወንበር የሚለዋወጡ ሰዎች ናቸው ብሎ ጽፎ ነበር። በ2008 የኦባማን ምርጫ የመሩት ዴቪድ ፕላፍ በ2014 ኡበር ገቡ። ብዙዎቻችን በዚያ ምርጫ ሌሊት ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዩ ስትሪት ላይ ጥሩምባ ስንነፋ ነበር፤ ታስታውሳላችሁ። ግን የሚልስ ሥዕል ብቻውን አይበቃም። የኡበር ዋና የሕግ ኃላፊ ቶኒ ዌስት የካማላ ሃሪስ እህት ባል ናቸው። ሃሪስ ግን ኩባንያዎቹ ያመጡትን፣ አሁን የምነግራችሁን ሐሳብ ተቃውመዋል። ዝምድና ሁልጊዜ አይሠራም። ስለዚህ ነገሩ ሰዎቹ ከማን ጋር እራት ይበላሉ የሚል ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር።

ኩባንያዎቹ ወደ ሕዝብ ሄዱ። «ሕግ አውጪው ካልሰማን ሕዝብ ይፍረደን» አሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ማንም ሰው በቂ ፊርማ ካሰባሰበ ሕግ አርቅቆ ለድምፅ ማቅረብ ይችላል። በዚያ ዓመት የሚያስፈልገው ከ620 ሺህ በላይ ፊርማ ነበር። ተሰበሰበ። ፕሮፖዚሽን 22 ተባለ። ሹፌሮች ኮንትራክተር ሆነው ይቀሩ፣ በምትኩ አንዳንድ ጥቅም ይሰጣቸው የሚል ነው።

ኡበር፣ ሊፍት፣ ምግብ በአፕ የሚያደርሰው ዶርዳሽና ሌሎቹ ለቅስቀሳው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጡ። እስከዚያ ድረስ በካሊፎርኒያ ታሪክ ለአንድ የሕዝብ ውሳኔ እንዲህ ያለ ገንዘብ ወጥቶ አያውቅም። ተቃዋሚዎቹ፣ በዋናነት የሠራተኛ ማኅበራት፣ ያወጡት ወደ 20 ሚሊዮን ነው። ኡበር ለሹፌሮቹ በዚያው በሚሠሩበት አፕ ላይ የቅስቀሳ መልእክት ያሳይ ነበር። ሹፌሮች በኦክቶበር 2020 ከሰሱት፤ ዳኛው መልእክቱን አላገዱም። በኖቬምበር 3 ቀን 58.6 በመቶው «አዎ» አለ። ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ማለት ነው። ሒሳብ ለሚወድ፣ ለአንድ «አዎ» 20 ዶላር ያህል ወጣ።

አንድም ድምፅ አልተሰረቀም። ኮሮጆ አልተሞላም። እኛ የምርጫ ማጭበርበር ሲባል የምናውቀው ሌላ ነው፤ ይህ ግን ንጹሕ ምርጫ ነበር። ለዚህ ነው የሚያሳስበኝ። ወረቀቱ ላይ የነበረው ምርጫ «አዎ» ወይም «አይ» ነው። ጥያቄውን ያረቀቀው ግን ኩባንያው ነው። «ሹፌሩ ሲጠብቅ የቆመበት ሰዓት ይከፈለው?» የሚል ጥያቄ ወረቀቱ ላይ የለም። ሕጉ ውስጥ ዋስትና ተሰጥቷል፤ ከዝቅተኛው ደመወዝ 120 በመቶ። ቆንጆ አይደለም? ግን የሚቆጠረው ጥሪ ከተቀበልክበት ሰዓት ጀምሮ ተሳፋሪውን እስክታወርድ ነው። ኤርፖርት ወረፋ ላይ የተቀመጥክበት ሁለት ሰዓት ያንተ ዕረፍት ነው! ለማይልም 30 ሳንቲም ተመደበ፤ የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ራሱ በዚያ ዓመት የመኪና ወጪን በማይል 57.5 ሳንቲም ያሰላ ነበር። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ይህንን ሁሉ ቀናንሰው የቀረውን ዋስትና በሰዓት 5.64 ዶላር ነው አሉ። ኩባንያዎቹ ስሌቱን አልተቀበሉትም።

ሌላም አለ፤ ይህችን ብዙ ሰው አላያትም። ሕጉን ለማሻሻል የምክር ቤቱ ሰባት ስምንተኛ ድምፅ ያስፈልጋል ይላል። ከ40 ሴናተር 35። ስድስት ሰው እምቢ ካለ አለቀ። የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ለማሻሻል እንኳ ከኮንግሬስ የሚፈለገው ሁለት ሦስተኛ ነው። እንግዲህ የአንድ አፕ ውል ከሕገ መንግሥቱ ይልቅ በሩ ጠበቀ።

አሁን የምነግራችሁ የታሪኩን ምፀት ነው። ይህ ሕዝብ በቀጥታ ሕግ የሚያወጣበት መንገድ ከየት መጣ? በ1900ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ በአንድ የባቡር ኩባንያ እጅ ነበረች። ሳውዘርን ፓሲፊክ። ጋዜጦች ግዛቲቱን በብዙ እጁ ጨምድዶ የያዘ የባሕር አውሬ አድርገው ይስሉት ነበር። ምክር ቤቱ የሱ፣ ዳኛው የሱ ይባል ነበር። ሃይረም ጆንሰን የተባለ ጠበቃ በ1910 «ኩባንያውን ከፖለቲካ አስወጣለሁ» ብሎ ገዢ ሆኖ ተመረጠ። ምክር ቤቱ ከተገዛ ሕዝቡ ራሱ ሕግ ያውጣ አለ። ኦክቶበር 10 ቀን 1911 ሕዝቡ ተቀበለው። በዚያው ቀን የካሊፎርኒያ ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ። ትልቅ ቀን ነበር።

ኩባንያን ለመውጋት የተሠራ ጦር ነው። 109 ዓመት ቆይቶ ኩባንያ ገዛው።

በዚያው በ1911 ጀርመን አገር ሮበርት ሚሼልስ የሚባል ሶሲዮሎጂስት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሚሼልስ ራሱ ሶሻሊስት ነበር። የሠራተኛው ፓርቲ ውስጥ ገብቶ አየ፤ ለእኩልነት የተቋቋመው ድርጅት ራሱ ጥቂት አለቆች ይዘውታል። ድርጅት ካለ ጥቂቶች ይነግሣሉ አለ። «የብረት ሕግ» ብሎ ሰየመው። ደርግን ያየ ሰው ለዚህ ምስክር አይፈልግም። በሠራተኛው ስም፣ በጭሰኛው ስም፣ ሁሉንም አንድ መሥሪያ ቤት ያዘው። ገበሬው መሬት አገኘ፤ እህሉን ግን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለእህል ገበያ ድርጅት ኮታ ያስረክብ ነበር። ከአንድ አፕ ወደ አንድ አፕ! ስለዚህ እናቴ ብትሰማኝ ይህን እላት ነበር። የካፒታሊዝምን ሥልጣን የምተቸው ያንን ስለናፈቅኩ አይደለም። የምተቸው ሁለቱም ቤት አቤት የሚባልበት መስኮት ስለተዘጋ ነው።

ሚሼልስ ግን በመጨረሻ የት ደረሰ መሰላችሁ? ተስፋ ቆርጦ የሙሶሊኒ ፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። «ዲሞክራሲ ያው የጥቂቶች ነው» የሚለውን ሐሳብ ይዘው ወደዚያ የሚወርዱ ዛሬም አሉ። ዩትዩብ ላይ በአማርኛም እሰማቸዋለሁ።

በ2014 ማርቲን ጊለንስና ቤንጃሚን ፔጅ የሚባሉ ተመራማሪዎች 1,779 የፖሊሲ ጥያቄዎችን መርምረው፣ የተራው አሜሪካዊ ፍላጎት በራሱ ውሳኔን የሚያንቀሳቅሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ የባለጠጎችና የተደራጁ ቡድኖች ፍላጎት ግን ያንቀሳቅሳል አሉ። «ሀብታሙና መካከለኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት አንድ ነው» ብለው የተከራከሯቸው አሉ። ይከራከሩ። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። የሕዝብ አስተያየት ሲለካ፣ የሚለካው ሰው የተጠየቀው ነው። ማንም ያልጠየቀው አይለካም።

አንድ ነገር ግን ልመን። ብዙ ሹፌር «አዎ» ብሏል። ጓደኞቼ ሎስ አንጀለስ ሆነው «አዎ» ብለዋል። ሞኞች አይደሉም። ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት አለ። ለቅሶ አለ። እኔ ዛሬ ከእናንተ ጋር የቆምኩት ማንንም ፈቃድ ሳልጠይቅ ነው። መጋዘን ውስጥ ብሠራ ሱፐርቫይዘሬን እለምን ነበር። ይህ ነፃነት ሐሰት አይደለም፤ እኔም እወደዋለሁ። «ታለላችሁ» ብዬ ከላይ የምናገር ሶሲዮሎጂስት መሆን አልፈልግም። የሉክስም ሐሳብ ደካማ ጎኑ ይህ ነው፤ ማን ነው የሌላውን እውነተኛ ጥቅም የሚያውቀው? ግን ይህን እጠይቃለሁ። ሰዓቴን መምረጤና በሕመሜ ቀን መከፈሌ የማይገናኙት ማን ስለለያያቸው ነው? ወረቀቱ ላይ ሁለቱ እንደ ተቃራኒ የቀረቡት ለምንድን ነው? በ2021 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ለንደን ያሉ የኡበር ሹፌሮች ዝቅተኛ ክፍያና የዕረፍት ክፍያ የሚገባቸው ሠራተኞች ናቸው፤ የሥራ ሰዓታቸውም አፑን ከከፈቱበት ይቆጠራል ብሎ ፈረደ። ለንደን ውስጥ ሹፌር ዛሬም በፈለገው ሰዓት ይወጣል።

ሲያትል የሆነውን ደግሞ ብታውቁት ደስ ይለኛል፤ የኛ ሰዎች አሉበትና። እዚያ የተደራጁት ሹፌሮች ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ ናቸው፤ ኢትዮጵያዊው፣ ሶማሌው፣ ኤርትራዊው። በ2015 የከተማዋ ምክር ቤት ሹፌሮች በጋራ መደራደር ይችላሉ ብሎ ሕግ አወጣ። የንግድ ምክር ቤቱ ከሰሰ። ክርክሩ ምን ነበር? ኮንትራክተር ከሆናችሁ ነጋዴ ናችሁ፤ ነጋዴዎች ተስማምተው ዋጋ ቢቆርጡ በሕግ ክልክል ነው። ኩባንያው ለሺዎቹ ሁሉ አንድ ዋጋ ሲቆርጥ ችግር የለም፤ ሹፌሮቹ ግን ሻይ ይዘው ስለ ዋጋ ቢመካከሩ አድማ ይሆናል! በ2018 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በዋናው ነጥብ ከከሳሾቹ ጋር ቆመ።

አልተውትም። «መደራደር ካልተቻለ ከተማዋ ራሷ ዝቅተኛ ክፍያ ትቁረጥ» ብለው መጡ። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ሲያትል ውስጥ በጉዞ ላይ ላለ ሹፌር ቢያንስ በደቂቃ 56 ሳንቲም፣ በማይል 1.33 ዶላር ሆነ። ሲታገዱ የሚከራከሩበት ቦታም ተከፈተ። ያ የኔ ዘጠኝ ቀን እዚያ ቢሆን አቤት የምልበት መስኮት ነበረኝ። በ2022 ለመላው ዋሽንግተን ስቴት ሕግ ሲወጣ ግን ድርድር ተደረገ። የሕመም ፈቃድ ተገኘ፤ በምላሹ ሹፌሩ ተቀጣሪ አይደለም የሚለው ጸና፤ ከተሞችም ከዚያ በላይ ደንብ እንዳያወጡ ታገዱ። አንዳንዱ ድል አለው፣ አንዳንዱ ሽያጭ። እኔ ግማሽ እንጀራ ነው እላለሁ፤ ግን ምጣዱ ላይ እጃቸው ነበረበት።

ካሊፎርኒያም አላለቀም። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሮፖዚሽን 22ን አጸናው። ከዚያ በፊት ግን፣ በ2023፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የጋራ ድርድር ሕግን ጭምር በዚያ በሰባት ስምንተኛው በር ይዘጋ የነበረውን አንቀጽ አውጥቶ ጥሎ ነበር። በዚያች ቀዳዳ በኩል በ2025 ሹፌሮች ማኅበር አቋቁመው እንዲደራደሩ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ኩባንያዎቹም ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም፤ የኢንሹራንስ ግዴታቸው ቀነሰላቸው። ጥያቄውን አሁን ሁለት ወገን ያረቅቀዋል ማለት ነው። ከአንድ ይሻላል።

ቡናው ፈልቷል መሰለኝ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

ብዙ ጥያቄ ነበር፤ አብዛኛውን መለስኩ። አንደኛው ግን አልተመለሰም። ከኋላ የቆሙ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። አረጋውያን ቤት ነው የሚሠሩት። «ልጄ፣ እኔ ሹፌር አይደለሁም» አሉ። «ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አውቶቡስ የለም። በአፑ ነው የምሄደው። አሁን ራሱ ከደመወዜ ይበላኛል። ለእናንተ ሲጨመር የኔን ማን ይከፍለዋል?»

አዳራሹ ዝም አለ። ኩባንያው ከእርስዎም ከእኛም ስንት እንደሚወስድ አይነግርም ልል ጀመርኩ። እውነት ነው፤ ግን የጠየቁኝ ያንን አይደለም። «አላውቅም እትዬ» አልኳቸው።

ሁላችንም ቡና ጠጥተን ስንወጣ ዝናብ ነበር። ስልካቸውን ይዘው በሩ ላይ መኪና ሲጠብቁ አገኘኋቸው። «ይሰርዙት፣ እኔ አደርስዎታለሁ» አልኳቸው። አፔን ዘጋሁት። መንገድ ላይ ስለ ልጆቻቸው አወሩኝ፤ ስለ ንግግሩ አንድም ቃል አላነሳንም። ቤታቸው በር ላይ ስደርስ ሊከፍሉኝ ሞከሩ። «ኧረ በስመአብ!» ብዬ ማልኩ። እሳቸውም ማሉ። እኔ አሸነፍኩ ብዬ ወጣሁ።

ቤቴ ደርሼ የኋላውን ወንበር ሳይ 20 ዶላር ተጣጥፋ ተቀምጣለች።